ጂፒኤሱ ጀጎል ሲገባ
ሐረር ውስጥ ስማርት ሰዓት አስሮ የሚሮጥ ሰው በግንብ የታጠረው የድሮ ከተማ ጀጎል ውስጥ ከገባ በኋላ የሚነገረውን ርቀት ባያምን ይሻለዋል። ከሳተላይት የሚመጣው የጂፒኤስ ሞገድ በጠባቦቹ መንገዶች ግንብ ላይ እየነጠረ ስለሚደርስ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ያለፈውን ሯጭ ካርታው ላይ የሰው ሳሎን አቋርጦ ሊያሳየው ይችላል። የልብ ምቱም ቢሆን ከቆላማዋ ድሬዳዋ ለመጣ እንግዳ ፈጠን ማለቱ አይቀርም፤ ከተማው ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነውና። ሰዓቱን አውልቁ ማለቴ አይደለም፤ ትናንት ሮጦ ዛሬ ብርድ ልብስ ለሚስብ ሰው (አብዛኞቻችን ነን) እንዲህ ያለ ነዝናዥ ያስፈልገዋል። ብቻ ርቀቱን ለግንቡ ተዉለት፦ ከፋላና በር ተነስታችሁ ጀጎልን በውጭ በኩል ዙሩና እዚያው ተመለሱ፤ ሰዓቱ ደቂቃውን ይያዝላችሁ።