ስሙን ሸፍናችሁ አርሙ

አንባቢ ሆይ፣ «በምርምር መጽሔት የወጣ ነው» ሲባል ክርክሩ ሁሉ ጸጥ ይላል። ለመሆኑ እንዴት ነው የሚወጣው? ጸሐፊው ጥናቱን ይልካል፤ አዘጋጁ ለሁለት ወይም ለሦስት የሙያው ሰዎች ይመራዋል፤ እነርሱም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ ገምግመው (የካድሬውን ግምገማ ማለቴ አይደለም) ይውጣ፣ ይታረም ወይም ይውደቅ ይላሉ። መልካም። ነገር ግን በብዙ መጽሔቶች ዘንድ ገምጋሚው የጸሐፊውን ስምና ዩኒቨርሲቲ ያያል፤ ጸሐፊው የገምጋሚውን ማንነት አያውቅም።

ፒተርስና ሴሲ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተሙትን ተመልከቱ። ከታወቁ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የወጡ 12 የታተሙ ጥናቶችን ወሰዱ፤ የደራሲዎቹን ስምና መሥሪያ ቤት በፈጠራ ስም ለውጠው መጀመሪያ ላወጧቸው ለእነዚያው መጽሔቶች መልሰው ላኩ። የተነቃባቸው 3 ብቻ ናቸው። ከቀሩት 9 ውስጥ 8ቱ ወደቁ! ብዙዎቹ ከባድ የአሠራር ጉድለት አለባቸው ተባለ። ያ ጉድለት መጀመሪያ ሲታተሙ የት ሄዶ ነበር?

«ስሙ ቢሸፈንም ገምጋሚው ማን እንደጻፈው ይገምታል» የሚሉ አሉ። ይገምት! መገመትና ማወቅ አንድ አይደሉም። ታክሲ ከመያዜ በፊት ሁለተኛ ደረጃ አስተምር ነበር፤ ፈተና ሳርም የወረቀቱን ጫፍ አጥፌ ስሙን እሸፍናለሁ። በእጅ ጽሑፉ የማውቀው ተማሪ አልጠፋም፤ ቢሆንም አጥፍ ነበር። ለ16 ዓመት ልጅ ያልነፈግነውን ለተመራማሪ የምንነፍገው ስለ ምንድን ነው? ነገ እኮ ልጆቻችሁ ከአንድ ትንሽ ኮሌጅ፣ ለፈረንጅ አፍ በማይመች ስም ጽፈው ይልካሉ።