«ጋሼ፣ ላጥፋው?»

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ላፕቶፖች ጎን ለጎን ተከፍተዋል። አንዱ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ያገለገለኝ ነው፤ ሌላው ባለፈው ሳምንት ገዝቼ ያመጣሁት። ወጣቱ ባለሙያ ዕቃዬን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ያዛውራል። እጁ ፈጣን ነው፣ ሥራውንም ያውቃል። በትክክል መዛወራቸውን ለማየት አዲሱ ላይ አንድ ፋይል ከፈተና ፊቱን አጨማደደ። ስክሪኑን የላቲን ፊደል፣ ቅንፍ፣ የጥያቄና የፐርሰንት ምልክት ሞልቶታል።

«ጋሼ፣ ይሄ ፋይል ኮራፕት አድርጓል። ላጥፋው?»

«እንዳትነካው!» ብዬ ስጮህ ሱቁ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ልጁ ደነገጠ። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ያ ፋይል ግን አባቴ ነው። እመለስበታለሁ።

ወደ ሱቁ የወሰደኝ ለወራት ሳመነታበት የቆየሁት ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ድጋፉ አበቃ። ድጋፍ አበቃ ማለት ኮምፒውተሩ ቆመ ማለት አይደለም። ይነሳል፣ ይጽፋል፣ ያትማል። ነገር ግን ከእንግዲህ ለሚገኝበት ቀዳዳ በነፃ መድፈኛ አይላክለትም። ግቢው አለ፣ ቤቱም አለ፣ ዘበኛው ግን ጡረታ ወጥቷል። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚቆይ ማራዘሚያ አቅርቧል፤ እሱም ቢሆን ቀኑን ይገፋዋል እንጂ ጥያቄውን አይመልሰውም።

«እየሠራ ያለ ነገር አይነካም» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. የሆነውን ላስታውሳቸው። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በአንድ ቀን ዓለምን አዳረሰ፤ የሰዎችን ፋይል እየቆለፈ በቢትኮይን ቤዛ ጠየቀ። ከ150 በላይ አገሮች ተመቱ። እንግሊዝ ውስጥ ሆስፒታሎች ቀጠሮና ቀዶ ሕክምና ሰረዙ፣ አምቡላንሶችም ወደ ሌላ ቦታ እንዲሄዱ ተደረገ። የሚያንገበግበው፣ መድፈኛው ሁለት ወር ቀደም ብሎ መጋቢት 5 ቀን ወጥቶ ነበር። የተመቱት አፕዴት ያላደረጉት ናቸው። የእነሱም ማሽን እስከዚያች ቀን ድረስ «እየሠራ» ነበር።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ቀጥዬ የማነሳውን ያውቁታል። ክራክ። ስንቱ ባለሙያ ነው ፈቃድ የሌለው ዊንዶውስ ጭኖ ሲያበቃ በመጀመሪያ አፕዴቱን የሚዘጋው! «ዳታ እንዳይበላብህ አጥፍቼልሃለሁ» ይላል፤ ደንበኛውም አመስግኖ ይሄዳል። የኢንተርኔት ጥቅል ዋጋ ስንት እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ትልቅ አፕዴት የሳምንቱን ጥቅል ጠራርጎ እንደሚወስድም ደርሶብኛል። ቢሆንም የቢሮ ደመወዝ መክፈያ፣ የእድር መዝገብ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ያለበትን ማሽን በሩን ከፍቶ ማሳደር ውለታ አይደለም። ይህን ከዚህ ቀደም ብዬዋለሁ፣ ነገም እለዋለሁ።

እንዲህ የማምን ሰው ታዲያ ለምን አመነታሁ? ግማሹ ንዴት ነው። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን፣ የማሽኑን የምስጢር ቁልፎች የሚይዘውን የደህንነት ክፍል ይጠይቃል። የኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነ ደግሞ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። እነዚያ መውጣት የጀመሩት በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የእኔ ባለ 4ኛ ጀነሬሽን ነው፤ አንድ ቀን አላስቸገረኝም። ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዛ ለወትሮው ዋጋው ነበር ቀድሞ የሚጠየቀው፤ አሁን «ስንተኛ ጀነሬሽን ነው?» ሆኗል። የዛሬ ሦስት ዓመት ቤተሰቡ ተረባርቦ ባለ 6ኛ ጀነሬሽን የገዛለት ተማሪ ዛሬ ማሽኑ አርጅቷል ይባላል። ኪቦርዱ አልደከመም፣ ስክሪኑ አልተሰነጠቀም። ደህና ዕቃን በወረቀት ማስረጀት ግፍ ነው፤ የደህንነት ምክንያት እንዳለው እያወቅሁም ግፍ ነው እላለሁ።

ለዚህ ተማሪ መልስ ያገኘችልኝ የእህቴ ልጅ ናት። ባለ 5ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፗን አልጣለችም፤ ሊኑክስ ሚንት ጫነችበት። «ነፃ ነው እኮ አጎቴ፣ ክራክም አያስፈልገው» አለችኝ። በሊብረኦፊስ ትጽፋለች፣ በአማርኛም ትጽፋለች፣ አፕዴቱ በሰዓቱ ይመጣላታል። አዲስ መግዣ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። እኔ የምሠራላቸው ሰዎች የሚልኩልኝ ፋይል ስላሰረኝ ነው ገንዘብ አውጥቼ የገዛሁት።

ሁለተኛው ግማሽ ፊደላችን ነው።

በጥር 1999 ዓ.ም. ዊንዶውስ ቪስታ ሲወጣ ዓለም አልወደደውም፤ ከባድ ነው፣ ይጎተታል ተባለ። እኛ ግን ልንቀበለው የሚገባ ምክንያት ነበረን። ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ቅርጽ (ፎንት) እና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ የመጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስ እሱ ነው። የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር የሚመዘግበው ዩኒኮድ ለፊደላችን የራሱን ቦታ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ነበር፤ ቤታችን ያለው ማሽን ግን ያንን ቦታ ያወቀው በቪስታ ነው። ያኔ እኔም እንደ ሌላው ከቪስታ በፊት በነበረው ኤክስፒ ላይ ቀረሁ። በዩኒኮድ የተጻፈ ደብዳቤ ኤክስፒ ላይ ሲከፈት ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን ሆኖ ይታይ ነበር። ስለዚህ ብዙዎቻችን በአሮጌዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች መጻፋችንን ለዓመታት ቀጠልን። አለማሻሻል ዋጋ እንዳለው የተማርኩት እዚያ ላይ ነው።

እነዚያ ፕሮግራሞች ውለታቸው ትልቅ ነው። ዓለም ቦታ ሳይሰጠን በፊት በአማርኛ ያስጻፉን እነሱ ናቸው። የሚሠሩት ግን ማሽኑን በማታለል ነበር። ኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል ያስቀመጠ ይመስለዋል፤ የፊደሉ ቅርጽ ላይ ግን «ሀ» ተስሎበታል። አንዱ ቅርጽ የሚይዘው ከ256 የማይበልጥ ምልክት ነው፤ የእኛ ፊደል ከነዝርያው ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ አንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሉን ለሁለት ከፈለው፣ ሌላው ግንዱን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ አድርጎ ገጣጠመው። ያ ቅርጽ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ጽሑፉ ወደ ላቲኑ ይመለሳል። ማክሰኞ ዕለት ልጁ ያየው ይህን ነው። ፋይሉ አልተበላሸም። ልጁም አላጠፋም፤ እነዚያ ፕሮግራሞች ሲሠራባቸው እሱ ፊደል አልቆጠረም ነበር።

በ1994 ዓ.ም. ክረምት አባቴ የሕይወቱን ታሪክ ነገረኝ። ማታ ማታ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ከመንዝ ተነስቶ ደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት ለመግባት በእግሩ የሄደበትን፣ በየመንገዱ ያሳደሩትን ሰዎች ስም ከነአባታቸው፣ ፊደል ያስቆጠሩትን የኔታ ቁጣ፣ የመጀመሪያ ደመወዙን ምን እንዳደረገበት። መምህር ስለነበረ ከጀርባዬ ቆሞ ስክሪኑን ያነብ ነበር። «ሠራዊት በንጉሡ ሠ ነው፣ መልሰው» ይለኛል። እመልሰዋለሁ። 84 ገጽ ሆነ። አባቴ በ1999 ዓ.ም. አረፈ።

ያንን የጻፍኩበት ፕሮግራም ባለ 16 ቢት ነው። ባለ 32 ቢቱ ዊንዶውስ 10 ላይ እያባበልኩ አቆይቼዋለሁ። ዊንዶውስ 11 የሚመጣው በ64 ቢት ብቻ ነው፤ ባለ 16 ቢት ፕሮግራም ጨርሶ አይከፍትም። ስወስን ያስጨነቀኝ ይህ ነው።

ረቡዕ ማታ ጀመርኩ። አሮጌውን ላፕቶፕ ከኢንተርኔት ነቀልኩት፤ ከእንግዲህም አይገናኝም። ፋይሉን እዚያው ከፍቼ ቅርጹ አብሮ እንዲያዝ በፒዲኤፍ አስቀመጥኩት፣ ቀጥሎ 84ቱንም ገጽ በወረቀት አተምኩ። ከዚያ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ አዞርኩት። መቀየሪያው ብዙውን በትክክል ያወጣል፣ ሁሉን ግን አያወጣም። «ቷ»፣ «ሏ» እና «ኳ» ያሉበት ቃል ይሳሳታል፣ አራት ነጥቡ ሁለት ነጥብ ሆኖ ይመጣል፣ የግዕዝ ቁጥር ይዘበራረቃል። ስለዚህ ወረቀቱን በግራ፣ አዲሱን ላፕቶፕ በቀኝ አድርጌ መስመር በመስመር እያነበብኩ አርማለሁ። ገጽ 31 ላይ ደርሻለሁ። «ሠራዊት» የሚለው ቃል ጋ ስደርስ እጄን አንስቼ ትንሽ ቆየሁ።

ስለዚህ ልቀይር ወይስ ልቆይ ብላችሁ ለጻፋችሁልኝ ሁሉ፦ ቀይሩ። ማሽናችሁ ከቻለ ወደ ዊንዶውስ 11፣ ካልቻለና መግዣ ከሌላችሁ ወደ ሊኑክስ። ግን ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ከ2000 ዓ.ም. ወዲህም ሆነ ወዲያ በአሮጌ የግዕዝ ፕሮግራም የተጻፈ ነገር እንዳለ ፈልጉ። በመሳቢያ ያለውን ሲዲና ፍሎፒ ሳይቀር አውጡ። የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የሰበካ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ፣ የእናታችሁ ኑዛዜ ሊሆን ይችላል። ሲከፈት የላቲን ምልክት ከሆነባችሁ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት፣ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ቅርጹን ፈልጉለት፣ አትሙት፣ ከዚያ አዙሩት።

ለጥገና ባለሙያዎች ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። ያ ልጅ ከማጥፋቱ በፊት ጠየቀኝ። እናንተም ጠይቁ።