ስለ ዘጌ የእግር ጉዞ

በዓመት ውስጥ ጥቂት ቀን ከሥራ ዐርፎ አየር መለወጥ ለሰውነትም ለአእምሮም የሚጠቅም ነገር ነው። ነገር ግን በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ዘመኑን የሚያሳልፍ ሰው ዕረፍት ባገኘ ጊዜ ወዴትና እንዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ አያስብበትም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ዕረፍቱ ከሥራው ይልቅ አድክሞት ይመለሳል። ዛሬ ልንጽፍበት ያሰብነው ስለ አንድ ስፍራ ብቻ ነው፤ ይኸውም በጣና ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ወደ ውኃው ገብቶ ስለሚታየው ስለ ዘጌ ባሕረ ገብ ምድር ነው።

ለስብሰባ ወደ ባሕር ዳር የወረደ ሹም ዘጌን አይቻለኹ ሳይል የሚመለሰው ጥቂት ነው። አይቻለኹ ማለቱ ግን ጠዋት የሞተር ጀልባ ተከራይቶ አንድ ሰዓት ያህል በውኃ ላይ ሄዶ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ዞሮ፣ ለምሳ ተመልሷል ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም በመጀመሪያ የሄደው እንዲሁ ነበር። አምስት ኾነን ሄድን፤ ባለጀልባው የተነጋገርንበት ሰዓት እንዳያልፍበት ይቸኩላል፤ እኛም ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ስላለብን እንቸኩላለን። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተሣለውን ሥዕል በማየት ፈንታ በያዝነው ስልክ ፎቶግራፍ አነሣነው። በሩን የከፈቱልን አባት ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣችሁት ለዚሁ ብቻ ነውን ብለው በጠየቁን ጊዜ፣ ስብሰባ አለብን አባ ከማለት በቀር የምንመልሰው አልነበረንም። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ድረስ ያሳፍረኛል።

ከዚያ በኋላ በሌላ ዓመት ከባለቤቴ ጋራ ኹለት ቀን ወስደን በእግር ሄድን። የዘጌን ነገር ጥቂት የተረዳኹት ያን ጊዜ ነው።

የዘጌ ሰዎች ከአባቶቻቸው ሲወርድ ሲዋረድ እንደ ሰሙት፣ ስፍራውን ገዳም ያደረጉት ጻድቅ አቡነ በትረ ማርያም በዚህች ምድር በሬ ተጠምዶ እንዳይታረስባት፣ ከብትም እንዳይረባባት፣ ሕዝቡ ቡናና ጌሾ ሎሚም ተክሎ እንዲኖር ሥርዐት አውጥተዋል። የቡናው ተክል ራሱ ከእሳቸው በትር የበቀለ ነው ተብሎ ይነገራል። ትውፊቱን መመርመር የሊቃውንት ፈንታ ነው። የሥርዐቱ ፍሬ ግን ለማንም ዐይን ግልጥ ኾኖ ይታያል፤ በጣና ዙሪያ ያለው አገር አብዛኛው ታርሶና ተግጦ ዛፉ ሲያልቅ፣ ዘጌ እስከ ዛሬ ድረስ በደን ተሸፍኖ ይኖራል። ብርብራው፣ ዋንዛው፣ እሼው ከላይ ጥላ ይኾናል፤ ቡናው ከሥር ያፈራል። የደን ጥበቃ ዐዋጅ በጋዜጣ ሳይወጣ፣ ዘበኛም ሳይቆምለት፣ በግዝት ብቻ ይህን ያኽል ዘመን የቆየ ደን በአገራችን ብዙ አይገኝም። ጣና በዙሪያው ካለው ምድር ጋራ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ የተመዘገበ ስለ ኾነ፣ የዚህ ደን ነገር ከአካባቢው ሰዎች አልፎ የመንግሥትም ጉዳይ ኾኗል።

በእግር በሄድንበት ጊዜ ያደርነው አፋፍ በምትባለው በዘጌ ትንሽ ከተማ ነበር። በማግሥቱ ማለዳ ወደ ባሕሩ ዳር ስንወርድ ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች የማገዶ እንጨት ተጭነው ወደ ባሕር ዳር ሲሄዱ አየን። አንዱን ሽማግሌ ይህ እንጨት ከየት ይመጣል ብዬ ብጠይቃቸው እጃቸውን ወደ ኋላችን ዘርግተው ደኑን አሳዩኝ። ቡና የሚለቀመው በዓመት አንድ ጊዜ እንደ ኾነ፣ እንጨት ግን በማናቸውም ቀን ገዢ እንደማያጣ ነገሩኝ። እርሻ የሌለው ሰው እህሉን ኹሉ ከገበያ ይገዛል፤ የእህል ዋጋ በወጣና የቡና ዋጋ በወረደ ጊዜ የሚቀረው ዛፉ ነው። ሽማግሌው ይህን ሲናገሩ ማንንም አላማረሩም፤ እኔ ግን መንገዱን ኹሉ ይህንኑ ሳስብ ሄድኹ።

እንግዳም እንደ እንጨቱ ገዢ በማናቸውም ቀን ሊመጣ ይችላል። ልዩነቱ እንግዳው የሚከፍለው ዛፉ ቆሞ ስለሚገኝ መኾኑ ነው። ለአንድ ሰዓት የመጣው እንግዳ ግን ገንዘቡን የሚሰጠው ለባለጀልባውና በኡራ መንገድ ግራና ቀኝ ጌጣጌጥ ዘርግተው ለሚሸጡት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ላለው ሕዝብ ምንም አይደርሰውም። በእግር የሚሄድና የሚያድር ሰው መንገድ መሪ ይይዛል፤ በየቤተ ክርስቲያኑ የመግቢያውን ይከፍላል፤ ምሳና ራት ይበላል፤ የዘጌን ቡና ጠጥቶ ለቤቱም ይገዛል። ስለዚህ ባሕር ዳር ለሥራ የሚሄዱ ባልንጀሮቻችን ስብሰባው ካለቀ በኋላ በራሳቸው ዕረፍትና በራሳቸው ገንዘብ ኹለት ቀን እንዲጨምሩ እንመክራለን። በመንግሥት አበል ይኹን እንዳላልኹ አንባቢ ይወቅልኝ።

አሰናዱ ለሚሉም የምናውቀውን እንንገር። ከኹሉ አስቀድሞ የአገሩን ጸጥታ መጠየቅ ይገባል፤ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ምክንያት በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ እስከ መታወጅ ተደርሷልና፣ መንገዱንና ባሕሩን ከአካባቢው አስተዳደር ሳይጠይቁ መነሣት ጀብድ እንጂ ዕረፍት አይደለም። ወራቱ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ይኹን፤ በሐምሌና በነሐሴ የደኑ መንገድ ጭቃ ነው። ባሕሩን በማለዳ መሻገር ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና ጣና ይናወጣል። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የኾነ ባሕር ማዕበሉም እንደ ስፋቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን አዝዋ ማርያምንና ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልሞ በደኑ ውስጥ ወደ አፋፍ ማለፍ፣ በማግሥቱ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስንና በትረ ማርያምን ማየት ይቻላል። እነዚህ ኹሉ ሴቶች የሚገቡባቸው ናቸው፤ በአቅራቢያው በደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ግን ሴት አይገባበትምና ከባለቤቱ ጋራ የሚሄድ ይህን አስቀድሞ ይወቅ። ወባ ስላለ አጎበር ይያዝ፤ ብልሃርዝያም ስላለ በባሕሩ ዳር ዋና አይዋኝ። ጫማ ጠንካራ ይኹን፤ የሚያወልቁበት ደጅ ብዙ ስለ ኾነ ግን ማሰሪያው አይብዛበት።

ለመዝናናት በእግር መሄድ የፈረንጅ ልማድ ነው የሚሉ አይጠፉም። እኛ ግን አኮፋዳ አንግተን በሶና ቆሎ ይዘን ከአንዱ ጉባኤ ቤት ወደ ሌላው ስንሄድ ያደግን ነን፤ ዐይናችንን የከፈተው ያ መንገድ ነው። ዛሬ ኦቶሞቢል ስለ ተገኘ እግራችን መንገዱን ረስቶታል እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም።

ከካህናት ወገን ደግሞ እንግዳ በበዛ ቁጥር የገዳሙ ጸጥታ ይታወካል ብለው የሚሰጉ አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ቅዳሴ በሚቀደስበት ሰዓት ጮኸው ሲነጋገሩ የሰማናቸው አሉና። ነገር ግን የሚታወከው በአንድ ጊዜ ሦስት ጀልባ ሙሉ ሰው ወርዶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲራወጥ ነው፤ ሦስት አራት ኾነው ከመንገድ መሪ ጋራ ቀስ ብለው የሚመጡ ሰዎች ሥርዐት ለመጠበቅም ለመጠየቅም ጊዜ አላቸው። የገዳሙ አስተዳዳሪዎች እንግዳ የሚገባበትንና የማይገባበትን ሰዓት ወስነው በወደቡ ላይ ጽፈው ቢያቆሙ፣ ከመግቢያውም ገንዘብ ጥቂቱን ዛፍ ላልቈረጠ ድኻ ቤተ ሰብ መርጃ ቢያደርጉት፣ በጥንቱ ግዝት ላይ ድጋፍ ይጨምሩለታል። የአስተዳደሩም ባለሥልጣኖች ወደ ባሕር ዳር ለሚወርደው ማገዶ ምትክ የሚኾን ሌላ እንጨት፣ ባሕር ዛፍም ቢኾን፣ ከዘጌ ውጪ ባለው ምድር ማስተከል አለባቸው፤ የከተማው ምድጃ እስካለ ድረስ ታንኳው ባዶውን አይሄድምና።

እኛም በመጪው ኅዳር፣ መንገዱ ሰላም መኾኑ ከተረጋገጠልን፣ ለሦስተኛ ጊዜ ለመሄድ አስበናል። በሩን የከፈቱልን አባት በሕይወት ካሉ፣ በዚያን ቀን ሳናይ የቀረነውን ሥዕል አስረድተውን ለማየት ግማሽ ቀን ለይተናል።