«ብርድ መታኝ» ለሚል ባል

እኅቴ ሆይ! ባለቤትሽ ሽንቱ እያቃጠለው፣ ከእምብርቱ በታች እያመመው ሦስት ወር አልፎታልን? በጉንደ ወይንም ሆነ በአዲስ አበባ፣ «ብርድ መታኝ» ብሎ ዝም ማለት አይበጅም፤ የፕሮስቴት ዕጢ ብግነት ሊሆን ይችላልና።

መንስኤው ባክቴሪያ ከሆነ፣ ብዙዎቹ አንቲባዮቲኮች ወደ ዕጢው በሚገባ ስለማይዘልቁ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። በጆርጂያ፣ ትብሊሲ እ.ኤ.አ. በ1923 የተቋቋመው የኤልያቫ ተቋም ፋጅ የተባሉ ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቁ ቫይረሶችን ለሕክምና ያዘጋጃል። እያንዳንዱ ፋጅ የሚገድለው የራሱን ባክቴሪያ ስለሆነ አስቀድሞ ምርመራ ግድ ነው። ሕክምናው ተስፋ ቢሰጥም ገና በጥናት ላይ ነው፤ ባክቴሪያ ለሌለበት ብግነትም አይረዳም።

ስለዚህ የጎረቤት መድኃኒት አትስጪው፤ የታዘዘለትንም እንዳያቋርጥ አሳስቢው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና፣ አይዞህ ብለሽ ወደ ጤና ጣቢያ ይዘሽው ሂጂ።