ዓሣው ጤናማ ነው፤ አጠባበሳችንስ?

በጾም ወራት የዓሣ ገበያው ይደራል፤ ስለ ዓሣ ጤናማነት የሚነገረውም እንዲሁ። ይሁንና ብዙዎቻችን «ዓሣ በላን» ስንል የበላነው በዱቄት ተለውሶ የፈላ ዘይት ውስጥ የገባውን፣ ሲወጣም ዘይቱን መጥጦ የቀረበልንን ነው። ዘይቱ ለስንተኛ ጊዜ እንደተጠበሰበት የሚያውቀው ደግሞ ጠባሹ ብቻ ነው።

ስለ ዓሣችን እውነቱን እንነጋገር። ከሐይቆቻችን በብዛት የሚወጣው ቆሮሶ ቅባቱ አነስተኛ ነው። ለልብ ይበጃል የሚባለው ኦሜጋ ሦስትም እንደ ሳልመንና ሰርዲን ባሉ የባሕር ዓሦች ውስጥ ያለውን ያህል በእርሱ አይገኝም። ዋነኛ ጥቅሙ ጥሩ ፕሮቲን እየሰጠ፣ ከጮማ ሥጋ ጋር የሚመጣውን ቅባት አለማምጣቱ ነው። ዘይት ውስጥ ስንዘፍቀው የምናጣውም ይህንኑ ጥቅም ነው።

በዚህ ረገድ ከሜክሲኮ የምንወስደው ነገር አለ። በባሃ ካሊፎርኒያ ባሕረ ገብ መሬት፣ በተለይም በኤንሴናዳ ከተማ፣ የዓሣ ታኮ የታወቀ የመንገድ ዳር ምግብ ነው። ታኮ በስስ የበቆሎ ቂጣ የሚጠቀለል ምግብ ስለሆነ በእንጀራ ለሚጎርስ ሰው እንግዳ አይሆንም። የኤንሴናዳው ዓሣ እንደ እኛው በዘይት የሚጠበስ ነው። በግሪል፣ ያለ ብዙ ዘይት የሚዘጋጅም አለ፤ እኔ የምደግፈው ይህንን ነው። ጥሬ ጥቅል ጎመኑ፣ ቲማቲሙ፣ አቮካዶውና ሎሚው ጣዕሙን ስለሚሰጡት ዓሣው የዘይት እርዳታ አያስፈልገውም። (ሜክሲካውያን በቆሎውን ከመፍጨታቸው በፊት በኖራ ውኃ ይቀቅሉታል፤ ይህም በበቆሎው ውስጥ የታሰረውን ኒያሲን የተባለ ቫይታሚን ለሰውነት ያስገኛል። የሕንፃ ኖራ ገዝታችሁ እንዳትሞክሩት አደራ! በቤታችን የተጋገረ ቂጣ ይበቃል።)

አሠራሩ ቀላል ነው። የነጭ ዓሣ ወይም የቆሮሶ ፊሌቶ በነጭ ሽንኩርት፣ በቁንዶ በርበሬ፣ በሮዝመሪና በጥቂት ሎሚ አሽቶ ለግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየት፤ ከዚያም በደንብ በጋለና በስሱ ዘይት በተቀባ የብረት መጥበሻ ላይ እንደ ውፍረቱ በእያንዳንዱ ጎን ከ3 እስከ 4 ደቂቃ መጥበስ። ጨው በቁንጥጫ ይብቃ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው፤ አብሮ የሚቀርበው ዳጣም የራሱ ጨው አለው። ለልጆች ሲሆን ፊሌቶውን በጣት ዳብሶ የቀረ አጥንት ካለ መልቀም ያስፈልጋል።

አጥብቄ የምናገረው ስለ ሎሚ ነው። «ሎሚ ያበስለዋል፣ ሚጥሚጣ ይገድለዋል» እየተባለ ጥሬ ዓሣ የሚበላባቸው የሐይቅ ዳር ከተሞች እንዳሉን የታወቀ ነው። ሎሚ ሥጋውን ያነጣዋል እንጂ በውስጡ ያሉትን ጥገኛ ትላትሎችና ባክቴሪያዎች ለመግደል አይታመንበትም። የሚታመንበት ሙቀት ነው፤ የዓሣው መሐል 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። መለኪያ የሌለው ሰው በሹካ ይንካው፤ ሥጋው በቀላሉ እየተፈረከሰ ከተለያየና መሐሉ ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ በስሏል። ጥሬው ዓሣ በተከተፈበት መክተፊያና ቢላዋ ሳያጥቡ ጎመን መክተፍም ያንኑ ጀርም በጎመኑ በኩል መብላት ነው።

ዓሣው ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ ለመድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ስለዚህ ያለ በረዶ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የዋለ ፊሌቶ በርካሽ ቢሸጥም አይገዛ። ሲጫኑት ተመልሶ የማይነሳ፣ የሚያዳልጥና የአሞኒያ ሽታ ያለው ዓሣ ተበላሽቷል።

የከሰል ጥብስ ይጣፍጣል፤ አልክድም። ነገር ግን ከሰሉ ቤት ውስጥ አይቀጣጠል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀውም ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በበረታ ኃይል ነው። መስኮት መክፈት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ከሰል የሚጠቀም ሰው ግቢ ወይም ደጅ ይጥበስ፤ ፍሙንም ለሙቀት ብሎ ወደ መኝታ ቤት አያስገባ። ቤት ውስጥ ከሰል በተያያዘበት ምሽት ራሱን ያመመው፣ ያዞረው ወይም ያቅለሸለሸው ሰው «ምግቡ ከብዶኝ ነው» ብሎ መተኛት የለበትም። ሳይዘገይ ከቤት ወጥቶ ንጹሕ አየር ያግኝ፤ ወዲያውም ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።