ወንጀለኛው የሚያሰላው ሌላ ነው

“ቅጣቱ ቢከብድ ማን ይደፍር ነበር?” ሐዋሳ ውስጥ ስልክ በተነጠቀ፣ ቤት በተሰበረ ቁጥር ከፒያሳ እስከ አቶቴ የሚሰማው ይኸው ነው። አባባሉ ወንጀለኛን ትርፍና ኪሳራ እንደሚያመዛዝን ነጋዴ ይቆጥረዋል፤ ኪሳራውን አብዛበት፣ ይተዋል ነው ነገሩ።

እስቲ ግንቦት 2015 ዓ.ም.ን እናስታውስ። በዚችው ከተማ አንዲት ወጣት ተጠልፋ ለቀናት ደብዛዋ ጠፋ፤ አገር በሙሉ ተጨነቀ። ጠላፊው የከንቲባው ጠባቂ የነበረ ፖሊስ ሆኖ ተገኘ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ለጠለፋ ከ3 ዓመት የማያልፍ እስራት ነበረው፤ ጠላፊው ካገባት ደግሞ ይምረው ነበር። የ1996ቱ ሕግ በአንቀጽ 587 ምሕረቱን ሰርዞ ቅጣቱን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት አደረሰው። ደግ ተደረገ፣ ቅር የሚለኝ የለም። ግን ይህን አንቀጽ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረበት ሰው ነው የጠለፈው።

“ስሜት አሸንፎት እንጂ አላሰበበትም” የሚሉ አሉ። እኔ እንደዚያ አልልም። መሣሪያ ታጥቆ ባለሥልጣን የሚያጅብ ሰው ያሰላው ነገር ቢኖር “ማን ይነካኛል?” የሚለውን ይመስለኛል።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ጣሊያናዊው ቤካሪያ ወንጀልን ከቅጣት ጭካኔ ይልቅ የቅጣት አይቀሬነት እንደሚገታው የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1764 ነው። ወንጀልን በኢኮኖሚ ሒሳብ የተነተነው አሜሪካዊው ጋሪ ቤከርም እ.ኤ.አ. በ1968 ጽሑፉ የመያዝን ዕድልና የቅጣትን ክብደት ለየብቻ አስልቷል። እኛ ጋ የደረሰው ግማሹ ብቻ ነው፤ ያውም ርካሹ ግማሽ። አንቀጽ ማክበድ ወረቀት ብቻ ይፈልጋል፤ ሌባ መያዝ ግን መርማሪ፣ ምስክርና በጀት ይጠይቃል።

ባጃጅ ውስጥ ስልኩን የተነጠቀ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ሲሙን ለማዘጋት ወደ ቴሌ ነው። ጣቢያ ሂድ ሲሉት “ምን ሊያደርጉልኝ?” ይላል። ነጣቂው የወንጀል ሕጉን ገልጦ አያውቅም፤ ይህቺን ግን አሳምሮ ያውቃታል። ስልኩን “ከየት አመጣኸው?” ሳይል የሚገዛው እንደማይጠፋም ያውቃል። የተሰረቀ ዕቃ እያወቁ መግዛትም በሕጉ ወንጀል ነው፤ የገዢው ነገር ግን ከሌባው እኩል አይወራም።

እናም የከተማው ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ቅጣት ይክበድ ከሚለው ጩኸት በፊት ሦስት ነገር ይንገሩን፦ በዓመት ስንት ስርቆት ተመዘገበ? ስንቱ ፍርድ ቤት ደረሰ? ከገዢዎቹስ ስንቱ ተከሰሰ?