ከመሳቃችን በፊት

ባለፈው ወር ታናሽ ወንድሜ የእንስሳት ሳይንስ ዲፓርትመንት እንደደረሰው ሲነግረን ቤቱ ጸጥ አለ። እማዬ «አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብተህ ከብት ልትጠብቅልን ነው?» አለችው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እናንተስ ብትሆኑ አትስቁም ነበር?

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ፍራንክ ሚትሎነር ያነበብኩት። ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ ዶክትሬቱን የሠራ፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚሠራ የእርሻ አየር ጥራት ተመራማሪ ነው። ላሞችን እንደ ድንኳን ባለ ዝግ ክፍል አስገብቶ የሚወጣውን ጋዝ ይለካል። «ይሄም ሥራ ሆኖ?» እንዳትሉ።

በካሊፎርኒያ የሳን ዋኪን ሸለቆ ብዙ የወተት ላሞች አሉ፤ አየሩም በአሜሪካ በጣም ከተበከሉት አንዱ ነው። ለብክለቱ ብዙ ሰው የሚጠረጥረው እበቱን ነበር። እነሚትሎነር ሲለኩ ግን ኦዞን ከሚፈጥሩት ጋዞች ብዙው የሚወጣው ከመኖው ሆኖ ተገኘ። ሳይሌጅ የሚባለው መኖ ተከምሮ ይብላላል። የጠላ ጋን ስትከፍቱ የሚመጣውን ሽታ አስቡት፤ ከመኖውም አልኮል ይተናል። ስለዚህ ክምሩን በፕላስቲክ መሸፈንና ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ መክፈት ይረዳል። ባይለካ ኖሮ ገበሬው ገንዘቡን የሚያፈሰው እበቱ ላይ ብቻ ነበር።

ታሪኩ እዚህ አያበቃም። ሚትሎነር የሚመራው ማዕከል ከእንስሳት ሀብት ኢንዱስትሪው ገንዘብ እንደሚያገኝ ኒው ዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2022 ዘገበ፤ ትችቱም በረታ። እሱ ደግሞ ብክለቱን ለመቀነስ ከኢንዱስትሪው ጋር መሥራት ግድ ነው ባይ ነው። እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። ጥናት የሚያስጠና ድርጅት መልሱን ባይገዛ እንኳ የትኛው ጥያቄ እንደሚጠየቅ እንደሚመርጥ ከሥራዬ አውቀዋለሁ። የከፋዩን ስም ማወቅ ልኬቱን ውሸት አያደርገውም፤ እኛን ግን ጠንቃቃ አንባቢ ያደርገናል።

ኢትዮጵያ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ናት። ለእኛም የሚለካልን ሰው ያስፈልገናል።

ወንድሜን ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያም አንድ ምክር ጨመርኩለት፦ «አንድ ቀን ጥናት ስታወጣ ገንዘቡን ማን እንደሰጠህ ከውጤቱ ጋር አብረህ ጻፍ።»

የእናንተም ልጅ የማታውቁትን የትምህርት ዘርፍ ስም ይዞ ቤት ሲመጣ፣ ከመሳቃችሁ በፊት «እስኪ ምን እንደምትማር ንገረኝ» በሉት።